ባዶ የነበሩት ቀናት

የመድኃኒት እጥረት ወሬ በተሰማ ቁጥር የመጋዘን ባለሙያ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ መጠየቂያው ቅጽ ነው። አንድ ሺህ የሚበቃው ሁለት ሺህ ይጽፋል። አይፈረድበትም። የአገራችን የገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚገባው በጂቡቲ ነው፤ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቀይ ባሕር መርከቦች ስለተመቱ ከአውሮፓ የሚነሣ ብዙ ጭነት ስዊዝን ትቶ አፍሪካን ሲዞር ከርሟል። የውጭ ምንዛሪውና የመንገዱ ነገርም አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ሲገኝ ያዝ» የሚል ሰው ብልህ ይመስላል።

ጣጣው ሁላችንም ብልህ ስንሆን ነው። ቅርንጫፍ መጋዘኑ ጥያቄያችንን ሲያይ በሽተኛ በእጥፍ የጨመረ ይመስለዋል፤ ለማዳረስ ሲል ከሁሉም ይቆርጣል፤ የተቆረጠበትም በቀጣዩ ዙር ሦስት ሺህ ይጽፋል። እንዲህ እያለ እውነተኛውን ፍላጎት የሚያውቅ ይጠፋል። አንዱ ጤና ጣቢያ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ሲቆልል ጎረቤቱ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» እያለ እናቶችን ይመልሳል።

ደንቡ ቀላል ነው፤ ሆስፒታልም ሆነ ጤና ጣቢያ ከ2 ወር የማያንስ፣ ከ4 ወር የማይበልጥ ክምችት ይይዛል። ከሁለት ሳምንት በታች ሲወርድ አስቸኳይ ጥያቄ ይላካል። የወሩ ፍጆታ ስንት ነው የሚለው ግን ከቢን ካርድ ይሰላል፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ ነው። በ2 ወር 600 ጠርሙስ የሕፃናት አሞክሳሲሊን ወጣ እንበል። ለሁለት አካፍሎ «በወር 300» ማለት ይቀላል፤ በእጅ የቀረ ከሌለም የ4 ወሩ 1,200 ተብሎ ይጠየቃል። ካርዱ ረጋ ተብሎ ሲታይ ግን ቀሪው ዜሮ ሆኖ 20 ቀን ቆይቷል። ስለዚህ 600ው ያለቀው በ40 ቀን ነው፤ በቀን 15፣ በወር 450። ለ4 ወር የተባለው 1,200 በ80 ቀን ያልቃል። ያን ጊዜ ቀይ ባሕርን መውቀስ ከንቱ ነው።

ማከማቸት ጨርሶ የማያዋጣበትም አለ። ለወላድ ደም መፍሰስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ፍሪጁ ከሚችለው በላይ ብታስገባ፣ መብራትም ቢጠፋ፣ የምታተርፈው ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ የሚያድነው ጎረቤት ነው። የየትኛው ጤና ጣቢያ ፍሪጅ ምን እንደያዘ በስልክ ማወቅ፣ ሰጪው በሞዴል 22 አውጥቶ፣ ተቀባዩ በሞዴል 19 አስገብቶ መረዳዳት። ወረቀቱ ከቀረ ውለታው በቀጣዩ ስሌት ላይ ሐሰት ሆኖ ይመጣል።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ በሪፖርትና መጠየቂያ ቅጹ ላይ መድኃኒቱ ያልነበረበትን ቀን የሚጠይቀውን ዓምድ ዜሮ ብላችሁ አትለፉት። ኃላፊዎችም፣ እዚያ ላይ 20 ብሎ የጻፈውን ባለሙያ አትገሥጹት።