ሳጥኑ ከቤቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ

ሰው መደርደሪያ አይቶ «ይሄ ከቤቱ ጋር የተሠራ ነው» ወይም «ይሄ ተገዝቶ የመጣ ነው» ብሎ የሚፈርደው ገና ከበር ሲገባ ነው። እንጨቱን አይነካም፣ ዋጋም አይጠይቅም። ዓይኑ የሚያርፈው ክፍተት ላይ ነው፦ በሳጥኑና በግድግዳው መካከል ያለችው ጥቁር መስመር፣ ከላይ አቧራ የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ፣ ከእግሩ ሥር ወለሉ ላይ የሚያርፈው ጥላ። እነዚህ ሦስቱ በደንብ ከተዘጉ ውስጡ ቺፕውድ መሆኑን የሚጠይቅ የለም። ካልተዘጉ ከዋንዛ የተሠራ መደርደሪያ እንኳ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ይቆማል።

የምሠራው በዋሺንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤቶች ውስጥ ነው። የማጠናቀቂያ አናጺ ነኝ፤ በርና መስኮት አቅፎ የሚይዘውን እንጨት፣ የግድግዳውን እግር፣ የደረጃውን መደገፊያ እሠራለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የአገሬ ሰዎች ናቸው። መጽሐፍ ይወዳሉ፣ ከአገር ቤት በሻንጣ ተሸክመው ያመጡትን ካርቶን ውስጥ አስቀምጠውታል፣ ልጆቻቸው በየቀኑ እንዲያዩት ይፈልጋሉ። ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ ከጥሬ እንጨት ማሠራት ግን እዚህ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ስለዚህ ኮሌጅ ፓርክ ወይም ውድብሪጅ ወዳለው የአይኪያ የቤት ዕቃ መደብር ሄደው ቢሊ የተባለውን መደርደሪያ በጠፍጣፋ ካርቶን ገዝተው ይመጡና ይደውሉልኛል። እኔም ሥራውን ከልቤ ወድጄ እቀበላለሁ።

ቢሊን እ.ኤ.አ. በ1979 የነደፈው ስዊድናዊው ጊሊስ ሉንድግሬን ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የጠረጴዛ እግር ነቅሎ መኪና ውስጥ በማስገባቱ፣ ዕቃን ፈታትቶ በጠፍጣፋ ካርቶን የመሸጥን ሐሳብ ለኩባንያው አመጣ ተብሎ የሚተረክለትም እሱ ነው። ትልቁ ሳጥን ስፋቱ 80፣ ጥልቀቱ 28፣ ቁመቱ 202 ሳንቲሜትር ነው። ከላዩ የሚጫን ባለ 35 ሳንቲሜትር ማከያ ስላለው 237 ይደርሳል። የተለመደው የአሜሪካ ቤት ጣሪያ ደግሞ 8 ጫማ፣ ማለትም 244 ሳንቲሜትር ግድም ነው። የምጫወተው በቀሩት ሰባት ሳንቲሜትሮች ውስጥ ነው፦ ከፊሉን ለታችኛው መሠረት፣ ከፊሉን ለላይኛው መዝጊያ አካፍላቸዋለሁ።

ሳጥኑ የፋብሪካ ሥራ ስለሆነ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ በስኳድራ የተለካ ነው። ቤቱ ግን እንዲህ አይደለም። ወለል ከዓመታት ብዛት ይሰምጣል፤ የግድግዳ ማዕዘን ላይ ልስኑ ስለሚደራረብ ጥጉ ያብጣል፤ ኮርኒስ መሐሉ ላይ ይወርዳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት እናት የመጀመሪያውን ሳጥን ከግድግዳው ጋር ሳጠጋ ቆመው ያዩ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ እንዲህ ጠማማ ነበር እንዴ? ቤቱን ስንገዛው እኮ ደህና ነበር።»

«እማማ፣ ድሮም ጠማማ ነው። አሁን ቀጥ ያለ ነገር አጠገቡ ስላቆምን ነው የታየን።»

ሥራዬ በሙሉ ይኸው ነው፤ ቀጥ ያለውን ነገር ጠማማ ከሆነው ጋር ማስታረቅ። ሳጥኖቹን መገጣጠም ማንም በመመሪያው ወረቀት የሚጨርሰው ነው፤ ለእሱ አልደክምም።

የምጀምረው ከመሠረቱ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ከላይ ያለውን የጌጥ እንጨት ነው የሚመኘው፤ እኔ ግን መሠረቱ ያልተስተካከለ መደርደሪያ ላይ ምንም ጌጥ አላኖርም። ከሞራሌ ረጅምና ዝቅ ያለ ፍሬም ሠርቼ ግድግዳውን ተከትዬ አስተኛዋለሁ። ከወለሉ ከፍተኛውን ቦታ በውሃ ልክ ፈልጌ ከዚያ እነሣለሁ፤ ዝቅ ባለው በኩል ስስ ሽብልቅ እያስገባሁ ፍሬሙ ዳር እስከ ዳር እስኪስተካከል እሄዳለሁ። ይህ ሲያልቅ ሳጥኖቹ ሁሉ አንድ ወለል ላይ ስለሚቆሙ ራሳቸው ይገጥማሉ። ፍሬሙ ሌላም ጥቅም አለው። በክፍሉ ዙሪያ ግድግዳው እግር ላይ የሚሄደው እንጨት፣ አገር ቤት ዞኮሎ የምንለው፣ በመደርደሪያው ፊት ሳይቋረጥ እንዲያልፍ ከፍታ ይሰጠዋል። የቤቱ እግር ከመደርደሪያው እግር ጋር አንድ መስመር ሲሆን ዓይን ከዚያ ወዲያ ጥያቄ አያነሣም።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ግድግዳውን ጠርዝ እስከ ጠርዝ በሳጥን ለመሙላት አትሞክሩ። ግድግዳው 335 ሳንቲሜትር ቢሆን አራት ሳጥን 320 ይወስዳል፤ የቀረውን 15 ለሁለት አካፍሎ በየዳሩ ሰባት ተኩል መተው ነው። መሐል ላይ የተቀመጠ ነገር የታሰበበት ይመስላል፣ አንድ ጥግ ላይ የተገፋ ግን ተራርፎ የቀረ ይመስላል። በየዳሩ የቀረውን ክፍተት የሚሞላው አንድ ቁራጭ እንጨት ነው፤ እጅ የሚፈተነውም እዚያ ላይ ነው። እንጨቱን ከሚፈለገው ትንሽ አስፍቼ እቆርጥና ቱንቢውን ጠብቆ እንዲቆም ግድግዳው ላይ አስደግፈዋለሁ። ከዚያ እርሳስ ከትንሽ ቁራጭ እንጨት ጋር ይዤ፣ ቁራጯን ግድግዳው ላይ እያስኬድኩ ከላይ እስከ ታች መስመር አወርዳለሁ። ግድግዳው የገባበት መስመሩም ይገባል፣ ያበጠበት ያብጣል። በዚያ መስመር ስቆርጥ መጋዙን ወደ ኋላ አዘነብለዋለሁ፤ ግድግዳውን የሚነካው የፊት ጠርዙ ብቻ ስለሚሆን የቀረችውን ፀጉር የምታህል ትርፍ በመላጊያ ማንሣት ይቀላል። እንጨቱ ቦታው ገብቶ ምስማር ሳይመታበት ራሱን ይዞ ሲቆም ደስ የሚለኝን ያህል በዚህ ሙያ ሌላ የሚያስደስተኝ የለም።

ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲቆሙ መሐላቸው ላይ ሁልጊዜ የምትታይ ስንጥቅ አለች። እሷን የምሸፍነው ከላይ እስከ ታች በሚወርድ ቀጭን ጣውላ ነው። ጥለት የነጠላን ዳር እንደሚያሳምር ይህም ጣውላ ዳሩን ሥራ ያስመስለዋል። ስፋቱ ከሁለቱ ጎኖች ውፍረት ድምር መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ወደ ውስጥ ይገባና መደርደሪያዎቹን አውጥቶ መመለስ አይቻልም። የሳጥኑ ልባስ ለስላሳ ስለሆነ የእንጨት ኮላ ብቻውን አይዘውም። የሚጣበቀውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክሬ፣ ጠንካራ የግንባታ ማጣበቂያ ቀብቼ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ድረስ በቀጫጭን ምስማር አስይዘዋለሁ።

መሙያውና ጣውላው ከመገጠማቸው በፊት ግን ሳጥኖቹ ከግድግዳው ጋር መታሰር አለባቸው፤ ይህን ለመዝለል ምንም ምክንያት አልቀበልም። መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ሕፃን ሲንጠላጠልበት ወደ ፊት ይወድቃል። እዚህ የቤቶቹ ግድግዳ በአብዛኛው በ16 ኢንች፣ 40 ሳንቲሜትር ግድም፣ ርቀት የቆሙ እንጨቶች በጂፕሰም ሰሌዳ ተሸፍነው የተሠራ ነው። ብሎኑ እንጨቱን ማግኘት አለበት፤ ሰሌዳውን ብቻ ከያዘ ተነቅሎ ይወጣል። በብሎኬት ግድግዳ ቢሆን በድሪል በስቶ ፊሸር ማስገባት ነው።

ስለ ቀዳዳዎቹ ልናገር። በሳጥኑ ሁለት ጎኖች ውስጥ፣ መደርደሪያውን ከፍና ዝቅ ለማድረግ የተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ከካርቶን መውጣቱን የሚያጋልጠው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከላይ የጌጥ እንጨት ገጥሞ እነዚህን እንዳሉ ይተዋቸዋል። የማትፈልጉትን ቀዳዳ ሁሉ በእንጨት ስቱኮ ሙሉት፤ ሲደርቅ ስለሚሰምጥ ድገሙት፣ ከዚያ አልስልሱት። አሰልቺ ነው፣ ግን ምትክ የለውም። በየመደርደሪያው ከላይና ከታች አንድ አንድ ቀዳዳ መተው ይበቃል፤ ቁመት መቀየር ለሚፈልግ ሰው ያ ይበቃዋል።

ቀጥሎ መጉበጥ ነው። ሰው ቺፕውዱን ይወቅሳል፤ ዋናው ጉዳይ ግን ርዝመት ነው። ዳር እስከ ዳር መጽሐፍ የተደረደረበት ጣውላ ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 80 ሳንቲሜትሩን መደርደሪያ አምራቹ እስከ 30 ኪሎ ይፈቅድለታል፤ ታላላቅ የሃይማኖት መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ሲቆሙ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀራቸውም። ስለዚህ በየመደርደሪያው ፊት ጠርዝ ላይ 19 በ38 ሚሊሜትር የሆነ ጣውላ በቁመቱ አቁሜ አጣብቃለሁ። መደርደሪያውን ያጠነክረዋል፣ ደግሞም ወፍራም ያስመስለዋል። ከባድ መጽሐፍ ላለው ቤት 40 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸውን ጠባብ ሳጥኖች እመርጣለሁ።

ግድግዳው ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ካለ ከኋላ ተቀብሮ አይቀርም፤ አደጋ ነው፣ ደንቡም ይከለክላል። የሳጥኑን ጀርባ ቆርጬ፣ ሶኬቱን ወደ ፊት የማምጣቱን ሥራ ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እተዋለሁ። የማሞቂያ አየር ከወለል የሚወጣበት ቦታም ካለ በመሠረቱ ፍሬም ውስጥ መንገድ ተሠርቶለት በፊት በኩል ይውጣ፤ አለበለዚያ ክረምት ላይ ክፍሉ ይቀዘቅዛል።

ቀለምን በተመለከተ፣ ብዙው ሰው የሚከስረው በችኮላ ነው። የሳጥኑ ልባስ ተራ ቀለም አይቀበልም፤ በጥፍር ቢጫሩት ተልጦ ይወርዳል። መጀመሪያ ቅባቱን ማጠብ፣ ቀጥሎ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጭረቱን ብቻ እየሰጡ ማሸት ነው፤ አዳዲሶቹ ሳጥኖች ልባሳቸው ወረቀት ስለሆነ ጠንክሮ የሚያሽ ሰው ቺፕውዱ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በሼላክ የተሠራ ፕራይመር፤ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ መስኮት ይከፈት። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ቀለም በሚቀበል የአክሪሊክ ማሸጊያ ይሞሉ፣ ሲሊኮን ግን አይሁን፤ ሲሊኮን ላይ ቀለም አይይዝም። በመጨረሻ መደርደሪያው፣ ዞኮሎውና የላይኛው እንጨት ሁሉ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ዓይነት አንጸባራቂነት ይቀቡ። ቀለሙ በማግሥቱ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ የሚጠነክረው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ቶሎ የተደረደረ መጽሐፍ ሽፋኑ ይጣበቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን እናት ለማሳመን ያስቸገረኝ ይኼ ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው ስለሚመጡ የአማርኛ መጻሕፍቱ በእነሱ ዓይን ቁመት፣ ከታች ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው እንዲያገኟቸው ፈልገው ነበር። በኋላ ግን ታገሡ።

ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ምክሬ ሌላ ነው። ከግድግዳ ጋር በቋሚነት የተያያዘ ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ቤቱ አካል ስለሚቆጠር፣ ባለቤቱን በጽሑፍ ሳያስፈቅዱ ማጣበቂያ መጠቀም አይገባም። የመሙያ እንጨቶቹን ሁሉ በብሎን ሳጥኖቹ ላይ ብቻ ማሰር ይቻላል፤ ግድግዳው ላይ የሚቀረው መውደቅን የሚከላከለው ማሰሪያ ብቻ ይሆናል። ውበቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ሲለቁ መደርደሪያው አብሮ ይሄዳል።

ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ መመለስ አለ። ክረምት ማሞቂያ ሲበራ የቤቱ አየር ይደርቃል፣ እንጨት ይኮማተራል፤ በተለይ ላይኛው እንጨት ከኮርኒሱ ጋር በተገናኘበት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትከፈታለች። ለደንበኞቼ ይህን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። የተረፈውን ቀለም በትንሽ ቆርቆሮ ከድኜ፣ የቀለሙን ስም ጽፌበት፣ ታችኛው ሳጥን ውስጥ እተውላቸዋለሁ። ማሸጊያው የሚደገመው ማሞቂያው ሥራ ላይ እያለ፣ ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ስንጥቋ በሰፊው የምትከፈተው ያኔ ነውና። በጋ ላይ የተሞላች እንደሆነ ግን በቀጣዩ ክረምት መልሳ ትከፈታለች።