ስለ ሰባተኛው ዓመት ዕረፍት፤ የትርጓሜ ምርመራ

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 የታዘዘውን የምድር ሰንበት አንዳንድ ተርጓሚዎች መሬቱ ኃይሉን እንዲያድስ የተሠራ የገበሬ ብልሃት ነው ይላሉ። ይህ ትርጓሜ ምድርን አይቶ ሰውን ረስቷል። ብልሃት ብቻ ቢሆን እርሻን ከፍሎ በየተራ ማሳረፍ በበቃ ነበር፤ ሕጉ ግን አገሩን ሁሉ በአንድ ዓመት ያሳርፋል፤ ምን እንበላለን ለሚሉትም የስድስተኛውን ዓመት በረከት ተስፋ ይሰጣል። እንግዲህ የእምነት መፈተኛ ነው።

አንድም የማኅበር ሕግ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 23 ሳይዘራ የበቀለው ለድኻ ይተዋል፤ በዘዳግም ምዕራፍ 15 የወንድም ዕዳ ይቀራል፤ ዓመተ ኅድገት ቀርቧል ብሎ ብድር መከልከልም ኃጢአት ነው።

ሰዎች ግን ማበደር ተዉ። ስለዚህ በሄሮድስ ዘመን የነበረው ሊቅ ሂሌል ዕዳው በጽሕፈት ለዳኞች ተላልፎ እንዳይቀር፥ ፕሮዝቡል የሚባለውን ሥርዓት እንደ ሠራ ሚሽና ይናገራል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1889ም የኮቭኖው ረቢ ይስሐቅ ኤልሐናን ስፔክቶርና ሌሎች ሊቃውንት፥ በፍልስጥኤም ምድር የሰፈሩት አይሁድ እንዳይቸገሩ እርሻው ለጊዜው አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው ተሽጦ እንዲታረስ ፈቀዱ፤ አያሌ የኢየሩሳሌም ረቢዎች ግን ተቃወሙ።

ሂሌልን ሕግ አፍራሽ የሚሉት ፍርድ ያጓድላሉ፤ ሥርዓቱን የሠራው ድኻ ብድር እንዳያጣ ነውና። ነቀፌታው እጁን ለሰበሰበው ባለጠጋ ይገባል። አንባቢ ሆይ፥ ጐተራውን ለእግዚአብሔር አደራ የሰጠ ሰው ደጁን በድኻ ላይ አይዘጋም።