ፈረሱና በቅሎዋ፦ ያረጀ የጣሊያን ስፖርት ሞተር ከደቡብ ወሎ ደጋ ሲታይ

ያገለገለ የጣሊያን ስፖርት ሞተር ሳይክል በሚገዛ ሰው ላይ የሚቀርበው ክስ በየትም አገር ያው ነው። ሞተሩ አይረባም ይባላል። ዕቃ አይጭንም፣ ከኋላ የሚቀመጠውን አይመቸውም፣ ነጂውን አጎንብሶ ያስኬደዋል፣ ጋራዥ ያዘወትራል፣ መለዋወጫው ከሩቅ ይመጣል። ወዳጆቹ በበኩላቸው ስለ ድምፁ፣ ስለ ቅርጹና ስለ ፍጥነቱ እያወሩ ይከላከሉለታል። ክሱም መከላከያውም ሞተርን መሄጃ ብቻ አድርጎ ከማየት ይነሳሉ፤ ከሳሹ መሄጃነቱ ጎደለ ይላል፣ ወዳጁ ጉድለቱን በደስታ ሊክስ ይሞክራል። እኔ የምከራከረው ሌላ ነገር ነው። ለመንገድ ያልታሰበ ግልቢያ ማኖር ምን ማለት እንደሆነ የደቡብ ወሎ ደጋ ሰው ከማንኛውም የሞተር መጽሔት ቀድሞ ያውቀዋል፤ የጣሊያኑን ሞተር ማራኪነት ለመረዳትም ከዚያ መነሳት ይሻላል።

ከደሴ ወደ ምዕራብ ተነስቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚደርስ መንገደኛ የሚያቋርጠው አገር ሜዳና ገደል የተፈራረቁበት ነው። ለጋምቦ ብርዳም ሜዳ ነው፤ ሳይንትና ቦረና በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች የተቆራረጡ ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ለመንገድ የሚታመነው በቅሎ ነው። ቁልቁለቱን አትሳሳትም፣ ጭነት ትችላለች፣ ጥቂት በልታ ሩቅ ትሄዳለች። ፈረስ ግን ሌላ ማዕረግ ነበረው። የጥንቱ መኳንንት ሲዘምቱ መንገዱን የሚጓዙት በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ በአሽከር እየተሳበ ይከተላል፣ ጌታውም ወደ ፈረሱ የሚሸጋገረው ውጊያው ሲደርስ ነው። በሰላም ጊዜ ደግሞ ፈረስ የጉግስና የጥምቀት ሜዳ ነበር። በመንገድ ሚዛን ከተመዘነ ፈረስ ከበቅሎ ያነሰ ዕቃ ነው፤ ይበላል፣ ይታመማል፣ ገደል ላይ አያስተማምንም። ሆኖም ሰው የሚጠራው በፈረሱ እንጂ በበቅሎው አልነበረም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ የተባሉት ለዚህ ነው። ጌታው ከፈረሱ ስም የሚወርስበት ልማድ፣ ባለቤትነት ማለት ዕቃውን መያዝ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ፈረሱም ሰውየውን ይይዘዋል።

ይህን ልማድ ይዘን ወደ ዱካቲ ከተማ ወደ ቦሎኛና ወደ ሞቶ ጉዚ ከተማ ወደ ማንዴሎ ዴል ላሪዮ ብንሻገር የሚጠብቀን ነገር እንግዳ አይሆንብንም። የዱካቲ ባለቤቶች በጣሊያን «ዱካቲስቲ»፣ የሞቶ ጉዚ ባለቤቶች «ጉዚስቲ» ይባላሉ፤ ሰዎቹ በሞተራቸው ስም ይጠራሉ። ስሙን የሚያስገኘው ግን መግዛቱ ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች ፋብሪካዎቹን በሚመለከት የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የዱካቲን መሐንዲስ ፋቢዮ ታልዮኒን ሥራ እንውሰድ። ታልዮኒ በ1954 ወደ ፋብሪካው ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሠራው 125 ሲሲ የእሽቅድምድም ሞተር በስዊድን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። የዚያ ሞተር ልዩነት ቫልቮቹ ላይ ነው። በአብዛኛው ሞተር ቫልቭን ካም ይከፍተዋል፣ ሞላ ይመልሰዋል። ሞተሩ በጣም ሲፈጥን ሞላው መድረስ ያቅተዋል፤ ቫልቩ በጊዜው ሳይዘጋ ይቀራል። ታልዮኒ መዝጋቱንም ለካም ሰጠው፤ አንዱ ክንድ ይከፍታል፣ ሌላው ጎትቶ ይዘጋል። ይህ ዴዝሞድሮሚክ የሚባለው አሠራር በ1972 በኢሞላ የ200 ማይል ውድድር ዱካቲ አንደኛና ሁለተኛ ሆኖ ከገባ በኋላ በዓለም ታወቀ፤ ለሕዝብ የተሸጠው 750 ሱፐር ስፖርትም የዚያ ድል ልጅ ነው። ባለቤቱ ላይ የሚወድቀው ሸክም ግን እዚሁ ላይ ይጀምራል። እያንዳንዱ ቫልቭ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክንድ ስላለው የሚለካው ክፍተት እጥፍ ነው፤ ልኬቱ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው፣ እጅ ካልለመደ አይሆንም። ከ1979ኙ ፓንታ ሞዴል ወዲህ በመጡት በብዙዎቹ ደግሞ ካሙን የሚያዞረው የጎማ ቺንጊያ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት፤ ሞተሩ ሳይነዳ ቢቆምም ጎማው ያረጃልና። ቺንጊያው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ያበቃለታል።

እንግዲህ ያገለገለ ዱካቲ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ቺንጊያው መቼ ተቀየረ የሚል ነው። ፈረስ ገዢ ጥርሱን ከፍቶ እንደሚያየው ሁሉ፣ እዚህም ያለፈው ባለቤት ሥራና ስንፍና ብረቱ ላይ ይነበባል። አዲስ ሞተር የሚገዛ ሰው ከፋብሪካ ጋር ይዋዋላል፤ አሮጌውን የሚገዛ ግን ከእሱ በፊት ከነበሩት እጆች ሁሉ ጋር ይዋዋላል። የማራኪነቱ አንዱ ምሥጢር እዚህ ያለ ይመስለኛል። ሌላው ምክንያት ተራ ነው፤ በዘመናቸው ለሀብታም ብቻ የነበሩ ሞተሮች ሲያረጁ መጠነኛ ደመወዝ ያለው ሰው እጅ ይገባሉ። በጊዜ ብዛት ዋጋቸው መልሶ የሚንረው ጥቂቶቹ ናቸው።

ስለ ውበታቸው ብዙ ስለተጻፈ እኔ አላበዛም። ማሲሞ ታምቡሪኒ የነደፈው የ1994ቱ ዱካቲ 916 በ1998 በኒውዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም በተከፈተው የሞተር ሳይክል ጥበብ ዐውደ ርዕይ ላይ ከታዩት አንዱ ነበር፤ ይህ ይበቃዋል። ለእኔ የሚበልጠው ግን ሊኖ ቶንቲ በ1971 ያወጣው ሞቶ ጉዚ ቪ7 ስፖርት ነው። ቶንቲ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ የሚያቅፍ ሻንሲ ሠራ፤ የታችኛዎቹ ብረቶች ተፈተው ስለሚወጡ ሞተሩን ማውረድ አያስቸግርም። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ወደ ነፋሱ ወጥተው ተቀምጠዋል፤ ቫልቭ ለማስተካከል የሚፈታው ክዳን እጅ ሥር ነው። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውም ሰንሰለት ሳይሆን የተሸፈነ ዘንግ ነው። አቧራና ጭቃ በሚፈራረቁበት የደጋ መንገድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዱካቲ ዴዝሞድሮሚክ አሠራሩን የመረጠው ለእሽቅድምድም ብሎ ነው፤ ጉዚ ግን ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊጠግነው እንደሚችል አስቦ የሠራው ይመስላል። በወሎ ደጋ ሆኖ ለመምረጥ የሚገደድ ሰው ካለ ጉዚን ይምረጥ።

ደጋው ራሱም የሚጠይቀው ነገር አለ። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይጎድላል፤ ሞተር በሚተነፍሰው አየር መጠን ስለሚሠራ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰማንያ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ስድሳ አካባቢ ይዞ ይቀራል ማለት ነው። በዚያ ላይ የ1970ዎቹ ሞተሮች ዴሎርቶ ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለሎምባርዲ ሜዳ በተለካው ቀዳዳ ያንኑ ያህል ቤንዚን ይለቃል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ያጨሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ባለቤቱ ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን አይቶ፣ ጠበብ ያለ የነሐስ ቀዳዳ መርጦ መግጠም ይኖርበታል። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ለደጋው የተስተካከለው ቤንዚን ያንሳል። የአገሩን አቀማመጥ በሞተሩ አፍ የማያውቅ ሰው አሮጌ ካርቡራተር ያለው ሞተር ሊነዳ አይችልም። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙት የኋለኞቹ ሞተሮች ይህን ድካም አስቀርተዋል፤ ዕውቀቱንም አብረው ወስደውታል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ውዳሴ ይመስላል፤ ደሴን ጠቅሶ በውዳሴ ብቻ ማለፍ ግን አይገባም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ የነበሩባትን ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው ሆስፒታልም አልተረፈም። በዚሁ ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን የጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ፣ ከዚያም የማርሻል ባዶሊዮ የመኪና ሰልፍ ከደሴ ተነስቶ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ይህን ታሪክ ከሞተሮቹ ለይቶ ማየት አይቻልም፤ የጣሊያን ሞተር ሳይክል ኢንዱስትሪ ከአውሮፕላን ፋብሪካዎቹ ጋር ሥጋና ደም ነውና። በዚያ ጦርነት ቦምብ የጣሉት የካፕሮኒ አውሮፕላኖች ቤት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በትሬንቶ ካፕሪዮሎ የሚባሉ ትናንሽ ሞተሮች ሠራ። ኤምቪ አጉስታ ከአውሮፕላን ሠሪው ከአጉስታ ቤተሰብ ወጣ፤ አየርማኪም እንዲሁ ከአውሮፕላን ወደ ሞተር የመጣ ነው። የሞቶ ጉዚ ምልክት የሆነው ንስር፣ ከመሥራቾቹ ጋር በባሕር ኃይሉ የአየር ክፍል አገልግሎ በ1919 በአውሮፕላን አደጋ ለሞተው ጓደኛቸው ለጆቫኒ ራቬሊ መታሰቢያ የተሳለ ነው። የጉዚ ባለ 500 ሲሲ ጂቲ17 ሞተርም ከ1932 ጀምሮ የጣሊያን ጦር መሣሪያ ነበር።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሲያነሱ ውበቱ ከታሪኩ የጸዳ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ታሪኩ ውበቱን ያረክሰዋል ይላሉ። ሁለቱንም አልቀበልም። ፈረስ ራሱ የጦር መሣሪያ ነበር፤ ጉግሱን የምንወድ ሰዎች ይህን ረስተን አይደለም የምንወደው። የጣሊያኑን ሞተር የሚወድ ኢትዮጵያዊም ፍቅሩን ለመጠበቅ ብሎ ኅዳር 26ን መርሳት የለበትም። ቀላል ብረት፣ ነፋስን የሚያታልል ቅርጽ፣ ለፍጥነት የተሰጠ ሒሳብ ሁሉ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ሞተሩን ከማያውቀው ሰው ይልቅ በትክክል ያየዋል። የሮሙን ድል አድራጊነት ቅዠት ከነሞተሩ የሚገዛ ሰብሳቢ በሌላው ዓለም ሞልቷል፤ እኛ ይህን ለማድረግ ምንም ምክንያት የለንም።

ከጣሊያን ወገን ለመካነ ሰላም የደረሳት ደግሞ በቅሎዋ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይሠራ የነበረው የፒያጆ ፋብሪካ በፖንቴዴራ ከፈራረሰ በኋላ፣ ሄሊኮፕተር ነዳፊ የነበረው መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ በ1946 ቬስፓን፣ በ1948 ደግሞ ባለ ሦስት እግሯን አፔን አወጣ። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960 ገደማ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ እነዚህን መሥራት ጀመረ፤ ፈቃዱ በ1971 ቢያበቃም ሥራው ቀጠለ። ዛሬ በመካነ ሰላም፣ በአቀስታና በወረኢሉ መንገዶች ሰውና ጆንያ ጭና የምትወጣው ባጃጅ የዚያች አፔ የልጅ ልጅ ናት። እርሷ ለመንገድ ናት፤ ማንም በስሟ አይፎክርም። የጤናና የግብርና ባለሙያው የሚነዳው የሕንድ ወይም የጃፓን ሞተርም ከእርሷ ጋር የሚመደብ ነው። ይህን የምለው ላሳንሳት አይደለም፤ ደጋው ያለ በቅሎ አይኖርም።

ፈረሱ ግን አልመጣም። ምክንያቶቹ ግልጽ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ ተሽከርካሪዎችን በዕድሜያቸው ልክ ከፍ ባለ ታክስ ይቀበላል። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ልዩ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ከከተማዋ አግዷል። ጠጠር መንገድ ላይ ዝቅ ያለ ሞተር ሆዱን ይመታል፤ ሰፊ የስፖርት ጎማም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ከወሎ ወጥቶ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የሚኖር ወገን ካልሆነ በቀር ይህን ሞተር በእጁ የሚያስገባ ጥቂት ነው። በግሌ ሞተሮቹ ወደዚህ እንዲጎርፉ አልመኝም፤ መለዋወጫና ባለሙያ በሌለበት ፈረስ ማሰር ፈረሱን መበደል ነው።

የምመኘው ሌላ ነው። ካንዴላ በቀለሙ የሚያነብብ፣ ካርቡራተርን በጆሮ የሚያስተካክል፣ የተበላ ብረት ሞርዶ የሚያገጥም ባለሙያ በደሴና በኮምቦልቻ ጋራዦች ነበር፤ በአሰብ መንገድ ይመላለሱ የነበሩት የፊያት የጭነት መኪናዎች ያፈሩት ሙያ ነው። የጣሊያኑ ሞተር ባለቤቱን የሚጠይቀው ዕውቀት ይኸው ነው፤ ሞተሩ ባይኖረንም ዕውቀቱ ነበረን። የፈረስ ስሞችን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበውልናል፤ የእነዚህን ባለሙያዎች ሙያ ግን በወጉ የመዘገበ የለም፤ ብዙዎቹም አርጅተዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። የመካኒክስ ተማሪዎችና የታሪክ ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው ወደ ጋራዦቹ ይግቡ፤ ሽማግሌዎቹን ያነጋግሩ፣ ሲሠሩ ይቅረጹ፣ መሣሪያዎቻቸውን ይመዝግቡ። ሥራው ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ ዘንድሮ ሊጀመር ይችላል።