ጀሪካንና ሐዲድ፦ ለሕፃናት መሪን ማስተማር

አቃቂ ቃሊቲ ላይ ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ስለ ሀገር መሪዎች ሳስተምር ከዘውድና ከዙፋን አልጀምርም። የአምስት ዓመት ልጅ የንጉሥ ስም ከነዘመኑ ሸምድዶ ይነግራችኋል፤ በማግስቱ ግን ረስቶታል። መሪው የወሰነው ነገር ልጁ ከሚያውቀው ኑሮ ጋር ሲገጥም ነው ታሪኩ የሚያዘው።

የእኛ ሰፈር ልጆች የውኃ ፈረቃን ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁታል፤ ያውም አዲስ አበባ ከአቃቂ ጉድጓዶች እየጠጣች። ስለዚህ እቴጌ ጣይቱን የማስተዋውቃቸው በውኃ ነው። በካርቶን ምሽግ እንሠራለን፤ ውኃ የሞላ ጀሪካን ከምሽጉ ውጭ ይቀመጣል። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ጣልያኖች መሽገው ሳለ በእቴጌይቱ ምክር ጦራችን ምንጩን ያዘባቸው። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ልጆች “ቲቸር፣ ጠማን!” ማለት ሲጀምሩ፣ “እሺ፣ አሁን ምን ይሻላችኋል?” እላቸዋለሁ። በመጨረሻ አፄ ምኒልክ ጣልያኖቹ ከነመሣሪያቸው እንዲወጡ መፍቀዳቸውን ስነግራቸው “ለምን ለቀቋቸው?” የሚል አይጠፋም። እዚህ ጋ አልቸኩልም። ለየካቲት 23 በዓል ከምናስጠናቸው መዝሙር ሁሉ ይልቅ ስለ መሪ የሚያስቡት በዚህ ጥያቄ ነው።

ሥዕሉ ትልቅ፣ ጽሑፉ ጥቂት የሆነ የታሪክ መጽሐፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ እኛው እንሠራለን። ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር ጀርባው ነጭ፣ ወረቀቱም ጠንካራ ነው፤ በወፍራም ክር ይሰፋል፤ በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ልጆቹ በጣም የሚወዱት የባቡሩን ነው፤ የድሮው ሐዲድ በሰፈራቸው ያልፋላ! ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ሥራውን ፈቀዱ፣ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። ሐዲዱን ከገጽ ገጽ ሳላቋርጥ እስለዋለሁ፤ ሰዎቹ ይለወጣሉ፣ መሥመሩ ይቀጥላል። ልጆቹ በጣታቸው እየተከተሉ ዘውዲቱ ጋ ይደርሳሉ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ምኒልክ የሚወደሱበት ቤት ልጅና የሚታዘንባቸው ቤት ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለዚህ ዕድሜ ፍርድ አላስተምርም፤ የተሠራውን እናገራለሁ። ልጅ “አያቴ እንዲህ አሉ” ብሎ ሌላ ነገር ሲያመጣ አላስተባብልበትም፤ “ሌላስ ምን ነገሩህ?” ብዬ እስከ መጨረሻው አዳምጠዋለሁ። ቀሪውን ከፍ ሲል ራሱ አንብቦ ይደርስበታል። ሕፃንን ከአያቱና ከአስተማሪው አንዱን ምረጥ ማለት ግን በእኔ ክፍል አይደረግም።