ፊደሉ ያልያዘው ድምፅ

«የባቡሩ ድምፅ ይሰማል» ብሎ የጻፈ ሰው «ይሰማል» የሚለውን አጥብቀን እናንብበው ወይስ አላልተን አልነገረንም። እኛ ግን አንሳሳትም። ድምፅ ጆሮ የለውምና «ሰ»ንም «ማ»ንም አጥብቀን እናልፋለን። ዓረፍተ ነገሩ «ጎረቤቴ ሬዲዮ ይሰማል» ቢሆን ኖሮ እነዚያኑ አራት ፊደላት አላልተን እናነባቸው ነበር። የቃሉ አጻጻፍ አልተለወጠም፤ የወሰነው አንባቢው ነው።

የተጻፈ መጣጥፍን ያለ ሰው አንባቢ ወደ ፖድካስት የሚቀይር ሥራ ጥራቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ቀላል ነው፦ ጽሑፉ ከምንጩ ይወሰዳል፣ ለድምፅ ፕሮግራሙ ይሰጣል፣ የወጣው ፋይል ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። አንዴ ከተዘረጋ በየማለዳው ራሱን ችሎ ይሠራል። ለከተማችን ለድሬዳዋ ደግሞ የተስማማ ነገር ነው፤ በቀትር ሱቁ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ ጋዜጣ ከመግለጥ ማዳመጥ ይቀላል።

ማይክሮሶፍት ለአማርኛ ካዘጋጃቸው ድምፆች አንዷ መቅደስ፣ ሌላው አመሀ ይባላሉ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምፈትነው በሳድስ ነው። «ትምህርት» የሚለውን እንውሰድ። አምስቱም ፊደላቱ ሳድስ ናቸው፤ ስንናገረው ግን አናባቢ የሚሰማው በመጀመሪያው «ት» እና በ«ህ» ላይ ብቻ ነው፣ የቀሩት ተነባቢዎች ተደግፈው ያልፋሉ። የትኛው ሳድስ ነፍስ እንደሚዘራና የትኛው እንደሚዋጥ ፊደላችን ምልክት አያደርግም። ለአምስቱም እኩል አናባቢ የሚሰጥ መሣሪያ ገበታ ላይ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ይመስላል። ቃሉን እንደ ተናጋሪ ጠቅልሎ የሚያወጣውን ስሰማ ግን ሠሪዎቹን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ይሁንና ጥሩ ድምፅ ብቻውን አይበቃም። ለዐይን የተጻፈ ለጆሮ መሰናዳት አለበት፤ የእጅ ጥበቡ ያለውም በዚህ ማንም በማያየው ዝግጅት ውስጥ ነው። «ት/ቤት»፣ «ወ/ሮ»፣ «ክ/ከተማ»፣ «ገ/ሥላሴ» ሁሉም መፈታት አለባቸው። «2:30» ሰዓት ይሁን ሌላ ነገር፣ «5/6/2016» ቀን ይሁን የደብዳቤ ቁጥር፣ አስቀድሞ መለየት አለበት። «ወደ ገጽ 12 ዞሯል» የሚለው መውጣት አለበት፤ አድማጭ የሚያዞረው ገጽ የለውም። ከዚያ በኋላ ከባዱ ይመጣል። የአማርኛ ዜና የሰውን ንግግር አራት መስመር ሙሉ ካስኬደ በኋላ መጨረሻ ላይ «ብለዋል» ይላል። አንባቢ ዐይኑን ወደ ታች ወርወር አድርጎ ተናጋሪውን ያገኛል፤ አድማጭ ግን ማን እንደሚናገር ሳያውቅ ያን ሁሉ ተሸክሞ ይቆያል። ብልህ አሰናጅ የተናጋሪውን ስም ወደ ፊት ያመጣል፣ «እንዳሉት» ይላል፣ ረጅሙንም ዓረፍተ ነገር ከሁለት ይከፍለዋል። ማጥበቅና ማላላቱንም በቃል ምርጫ ይረታዋል፦ «ገና» አሻሚ ሲሆንበት «የገና በዓል» ይላል፤ «አለ» ሲያጠራጥረው እንደ ቦታው «ተናገረ» ወይም «ይገኛል» ያደርገዋል። አድማጩ ይህ እንደተደረገለት ፈጽሞ አያውቅም፤ ስለዚህም ነው ሥራውን የማከብረው።

ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ከዚህም ያለፈ አድርጓል። ፊታውራሪ መሸሻም፣ ጉዱ ካሳም፣ ሰብለ ወንጌልም ከአንድ ጉሮሮ ወጥተው አይምታቱም። ትንፋሹን የሚወስድበት ቦታ ራሱ ትርጓሜ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ከማለቁ በፊት የሚቆምባት ቅጽበት የቀጣዩን ቃል ክብደት አስቀድማ ትነግረናለች። አራት ነጥብ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ያሳያል፤ ዝምታው ምን ያህል ይርዘም የሚለውን ግን የሚወስነው ታሪኩን የተረዳ ሰው ነው። መሣሪያው በየነጥቡ እኩል ሲቆም ጆሮ የሚሰለቸው ለዚህ ነው፤ ጠንቃቃ አሰናጅ በየአንቀጹ መካከል ያለውን ዕረፍት በእጁ እያስረዘመና እያሳጠረ ያስገባል።

ፊደል ያላሳየውን ድምፅ መጠበቅ በዚህ ምድር አዲስ ሙያ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት ተማሪው ግዕዝ፣ ውርድና ቁም ንባብን በየተራ ይወጣል፤ መምህሩ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የአነባበብ ዓይነቶች በጆሮው እየለየ ያርመዋል። የግዕዝ ግስ ሲጠና «ቀተለ» ላልቶ፣ «ቀደሰ» ጠብቆ መነበቡ ከመሠረቱ ነው። ድሬዳዋም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። የግዕዝ ሊቁ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የሠሩባት ከተማ ናት፤ የካፑቺን ሚሲዮናውያን የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤትም እዚሁ ነበር። አለቃ ኪዳነ ወልድ ከመምህራቸው ከአለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ ተቀብለው የደከሙበት የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ተሰናድቶ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ሦስት ትውልድ የደከመበት ጥንቃቄ ነው።

ዛሬ በዩኒኮድ ውስጥ ከፊደል በላይ የሚቀመጥ የማጥበቂያ ምልክት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የገባ ነው። በየስልካችን ሰሌዳ ላይ ግን ብዙም አይታይም፣ ጋዜጦቻችንም አይጠቀሙበትም። ድሬዳዋ ውስጥ ከአማርኛ ጎን የሚጻፉት ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል ብዙውን ጊዜ ደግመው ይጽፉታል፤ ለድምፅ ፕሮግራም ግማሹን ሥራ ጸሐፊው ጨርሶለታል ማለት ነው። በአማርኛ ያ ሥራ በአሰናጁ ትከሻ ላይ ነው።

ስለዚህ ለድሬዳዋ ጽሑፎች ድምፅ የሚያሰናዳ ሰው ከሁሉ በፊት የቦታ ስሞች መዝገብ ቢይዝ እወዳለሁ፦ ደቻቱ፣ ገንደ ቆሬ፣ መልካ ጀብዱ፣ ሳቢያን፣ ቀፊራ፣ መጋላ። አብዛኞቹ ከአማርኛ ውጭ የመጡ ስለሆኑ መሣሪያው በአማርኛ ልማድ ይገምታቸዋል። የከተማው ስም ራሱ አንዳንዴ ተገጥሞ፣ አንዳንዴ ተነጥሎ ይጻፋል፤ «ድሬ» ብሎ ቆም፣ «ዳዋ» ብሎ ቀጠል የሚል ድምፅ እዚህ ያደገን ሰው ጆሮ ወዲያው ይቆረቁረዋል። እያንዳንዱን ስም የሰፈሩ ሰው እንደሚጠራው ሰምቶ፣ መሣሪያው በትክክል እስኪያወጣው ድረስ አጻጻፉን እየለዋወጠ መሞከር፣ ከዚያም ለሚቀጥለው ጽሑፍ ማስቀመጥ ነው።