በመሄድና በመመለስ መካከል፤ ስለ ተማሪ ኑሮና ስለ ድርሰቶቻችን

በአማርኛ ድርሰት ውስጥ ተማሪ ብዙ ጊዜ በሁለት ቦታ ይታያል። አንደኛው ከአገሩ ሲነሣ ነው፤ እናት ታለቅሳለች፣ አባት ይመርቃል፣ ስንቅ ይታሰራል። ሁለተኛው ሲመለስ ነው፤ ወይ ሹም ሆኖ፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ፣ ወይም አገሬን አሻሽላለሁ ብሎ ይመጣል። በመሄድና በመመለስ መካከል ያሉት ዓመታት ግን ከመጽሐፉ ላይ እንደ ተቀደዱ ገጾች ናቸው። ተማሪው በምን ትምህርት እንደ ተቸገረ፣ ምን እንዳነበበ፣ ማታ ከባልንጀሮቹ ጋር ምን ፊልም እንዳየ፣ ገንዘብ ባለቀበት ቀን እንዴት እንደ ዋለ የሚነግረን ደራሲ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሻው፣ ይህ ጉድለት የድርሰት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳት መሆኑን ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ፈጸምሁ ወደ መንግሥት ሥራ ስለ ገባሁ የኮሌጅን ኑሮ በዓይኔ አላየሁም። የማውቀው በመጽሐፍ፣ በፊልምና በወሬ ነው። መጽሐፉ ዝም ባለበት እኔም አላውቅም። በጅጋም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫም ሆነ በቡሬ ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት የላከ ገበሬና ነጋዴ አብዛኛው እንደ እኔ ነው።

በመጀመሪያ የቀድሞውን ተማሪ እንመልከት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ባለ ታሪኩ በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው፤ አገሩም ማንኩሳ ነው። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ እኛ የጅጋ ሰዎች በአውቶቡስ የምናልፍባት ከተማ ናት። በዛብህ ከዚያ ተነሥቶ በትምህርት ይገፋል፤ ዲማ ጊዮርጊስ ይደርሳል፤ ለፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል። የታሪኩ ዋና ነገር ከዚህ ወዲያ ፍቅሩ ነው፤ ትምህርቱ ወደ ፍቅሩ የሚያስገባ በር ነው።

ይሁን እንጂ ደራሲው በዚህ አይወቀሱም። የዘመኑ አንባቢ የቤተ ክህነትን ተማሪ ኑሮ ከመጽሐፍ ሊማር አያስፈልገውም ነበርና። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይለምን ነበር። ቁራሽ ያቀበለችው እናት መክሳቱን ታያለች፤ ውሻ የነከሰውን እግሩን ታያለች፤ ከየት አገር እንደ መጣ ትጠይቀዋለች። ቅኔ ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ለመድረስ ስንት ሌሊት እንደሚያድር፣ በዋሸራና በጎንጅ ስም የሚኮራ አገር ሁሉ ያውቃል። የገዛ ልጇ በሩቅ አገር እንዲሁ እየለመነ የሚማር እናት፣ በደጇ የቆመውን የሰው ልጅ እያየች የልጇን ኑሮ ትገምት ነበር።

የዛሬው ተማሪ ግን የሚበላው በግቢ አጥር ውስጥ ነው። ከልመና መዳኑ ታላቅ በጎ ነገር ነው፤ ማንም አይጠላውም። ነገር ግን ኑሮው ከሕዝቡ ዓይን ተሰውሯል። እንግዲህ ቀድሞ የደጅ ልመና ያሳይ የነበረውን ነገር ዛሬ ሊያሳየን የሚችል ድርሰት ነው። የኔ ክርክር በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነትን ትምህርት ተምረው ኋላ በአዲስ አበባ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ወንበር ያውቁ ነበር። በዚህ ልብ ወለዳቸው ግን ነፍስ የዘሩበት የመጀመሪያውን ነው። የሁለተኛውን ተማሪ ኑሮ ለሌሎች ተዉት። ሌሎቹስ ምን አደረጉ?

የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዶ የተማረውን ወጣት ያቀርብልናል፤ የመጽሐፉ ክብደት ግን ያረፈው ተመልሶ አገሩን ለማገልገል በሚደክምበት ላይ ነው። በመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» የተማረው ባሕሩ መጋረጃው ሲገለጥ ትምህርቱን ጨርሷል፤ ቴአትሩ የሚያሳየን በገጠር የሚያስተምረውን ሰው እንጂ ተማሪውን አይደለም። ሁለቱም የተወደዱ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም ግን ተማሪውን የሚቀበሉት ከተመለሰ በኋላ ነው።

ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲጽፉ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ተማሪዎች ግጥም ያነብቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ያሰማው በ1953 ዓ.ም. ነው። የርእሱ ስም ብቻ ሐሳቡን ይነግረናል፤ ተማሪው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ደሀው ይናገራል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ወጣት፣ ብዙውም የድኻ ልጅ፣ በመኝታ ቤቱና በቤተ መጻሕፍቱ ያሳለፈውን ቀን ሊጻፍ የማይገባ ትንሽ ነገር አድርጎ የቈጠረው ይመስለኛል። ስለ ሌላው መናገር ክብር፣ ስለ ራስ መናገር ነውር ሆነ።

ፈጽሞ የለም ግን አልልም። ወይዘሮ ሕይወት ተፈራ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ያወጡት፣ «ማማ በሰማይ» ተብሎ ወደ አማርኛ የተመለሰው የሕይወት ታሪካቸው፣ ከሐረር መጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባችን ልጃገረድ ንባብ፣ ጓደኝነትና ፍቅር ያሳያል። በቶሎ ግን አብዮቱ ይደርስና ሁሉን ይወስደዋል። በፊልምም በኩል የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 (እ.ኤ.አ.) በቬኒስ የፊልም በዓል የተሸለመ ሥራ ነው። ባለ ታሪኩ አንበርብር በጀርመን አገር ተምሯል፤ የተማሪዎቹ ስብሰባና ክርክር በፊልሙ ውስጥ ይታያል። ይሁን እንጂ እኛ ያን ዘመን የምናየው፣ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ ቤት በተመለሰ ሰው ትዝታ ነው። እንደገናም መመለስ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የእኅቴ ልጅ ለዕረፍት ወደ ጅጋ በመጣ ጊዜ አንድ ደብተር ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ምንም ቁም ነገር የለበትም፤ የየቀኑን ነው የጻፍሁት» አለኝ። ደብተሩን በሁለት ሌሊት ጨረስሁት። እንደ ሥነ ጽሑፍ ብንመዝነው እኩሌታው ይወድቃል። ሕይወት ትግል መሆኗን የጻፈበት ገጽ ሁሉ ከሌላ ሰው አፍ የተወሰደ ነው። ያያቸውን ፊልሞች ስም ይዘረዝርና «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ለምን ጥሩ እንደ ሆነ አይናገርም።

እኩሌታው ግን ይቆማል። «ዶርም» በሚሉት መኝታ ቤታቸው ለስድስት ልጆች የምትሠራ አንዲት ሶኬት ብቻ ስለ ነበረች፣ ስልክና ላፕቶፕ በተራ እንዴት እንደሚሰኩ፣ የሌሊቱ ተራ የደረሰው ልጅ እንዴት እንደሚታማ ጽፏል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ ማንኩሳ ከሚለው ስም ሲደርስ መጽሐፉን አጥፎ፣ ከቡሬ በኩል ሲመጣ አውቶቡሱ የሚቆምበትን ቦታ እንዳሰበ ጽፏል። «ጤዛ»ን ስድስቱም በአንድ ላፕቶፕ ሲያዩ፣ የአንበርብር እናት በታየች ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ እንደ ወጣና ማንም ወዴት እንዳላለው ጽፏል። ስለዚህ ፊልም ከዚህ የተሻለ ትችት አላነበብሁም።

ከዚያም በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ አንድ ፈተና ወደቀ። ትምህርቱን ትቶ ሊመጣ ልብሱን በሻንጣ ከትቶ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በእነዚያ ሦስት ቀናት እናቱ ሁለት ጊዜ ደውላለታለች፤ ሁለት ጊዜም «ደኅና ነኝ» ብሏታል። ላፕቶፑ የተገዛው በበርበሬ ሽያጭ መሆኑን ስለሚያውቅ እውነቱን ሊነግራት አልቻለም። እኛ ከቤተ ሰቡ ይህን ያወቅነው ከደብተሩ ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የበዛብህ እናት ስለት ትዝ አለኝ። እርሷ ልጇን ሳይጠየቅ ለእግዚአብሔር ተሳለች፤ ልጁም ያንን ስለት እንደ ሸክም ይዞት ኖረ። እኛም ልጆቻችንን ለዲግሪ ተስለናል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የምርቃት ፎቶግራፍ እንሰቅላለን፤ ከፎቶግራፉ በፊት ስላለፈው ቀን አንጠይቅም። የወደቀበትን ቀን የሚናገር መጽሐፍ ያላገኘ ተማሪ፣ በዓለም ላይ የወደቀ እርሱ ብቻ ይመስለዋል።

የየቀኑ ኑሮ ለድርሰት ይጠብባል የሚል ይኖራል። ጃፓናዊው ናትሱሜ ሶሴኪ በ1908 (እ.ኤ.አ.) «ሳንሺሮ» በተባለ ልብ ወለዱ፣ ከገጠር ወደ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የመጣን ወጣት ኑሮ ጽፏል። ሳንሺሮ በሳምንት 40 ሰዓት ያህል ትምህርት ይሰማል፤ ያም ሆኖ አንድ ነገር ይጎድልበታል፤ ባልንጀራው በከተማው ባቡር ተሳፍሮ እንዲዞር ይመክረዋል። ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ ሁሉ ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው በእርሳስ ምልክት ያደረገበት ሆኖ ያገኘዋል። በዚህ ውስጥ ጦርነትም አብዮትም የለም። እኔ ግን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ሳነበው የጅጋን ልጅ ያየሁ መሰለኝ። የገዛ ልጃችንን በጃፓን መጽሐፍ ማየታችን ሊያሳፍረን ይገባል።

የእኅቴ ልጅ ትምህርቱን ፈጽሞ ዛሬ መምህር ነው። ፈቃዱን ጠይቄ ያን ደብተር ለእናቱ አነበብሁላት። የፈተናው ገጽ ላይ ስደርስ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሷ ግን ጥቂት ዝም ብላ፣ «ያን ሦስት ቀን ምን በልቶ ዋለ?» አለችኝ። ይህ ድሮ በደጇ ለቆመው ተማሪ ታቀርበው የነበረው ጥያቄ ነው፤ ለልጇ ግን እስከዚያ ቀን ልታቀርበው አልቻለችም ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ ታላቅ ነገር እስኪደርስባችሁ ሳትጠብቁ የዋላችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ፊልሙ ጥሩ ነው ብላችሁ አትለፉ፣ ማን ተነሥቶ እንደ ወጣም ጻፉ። የአማርኛ መምህራንም ስለ ትምህርት ጥቅም ከማስጻፍ ይልቅ ስለ አንድ ማክሰኞ ቀን ብታስጽፉ ብዙ ታተርፋላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን እኛም ልጆቻችን በስልክ «ደኅና ነኝ» ሲሉን በዚያ ረክተን አንቅር፤ ዛሬ ምን አነበብህ፣ ምንስ በላህ ብለን እንጠይቅ።