የንግድ ባንክ ሴቶች ሲያሸንፉ እኛ የት ነበርን?

(ከኮክረን፣ ካልጋሪ)

ጽሑፌን ራሴን በመክሰስ ልጀምር። ቀኑ ሴፕቴምበር 21፣ 2024፣ ቅዳሜ ነው። ጠዋት እዚሁ ኮክረን የልጄን የእግር ኳስ ጨዋታ አይቼ ሳበቃ እሷኑ ከነማሊያዋ መኪና ውስጥ አስገብቼ ወደ ካልጋሪ ነዳሁ። አንድ ያገራችን ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ጓደኞቼ ተሰብስበው ነበር። በውሃ ጠርሙስ በተደገፈች ስልክ ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ጋር ዛንዚባር ላይ ሲጫወት እናያለን። ባንክ አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 ተሸንፎ ስለሄደ ተስፋችን ትንሽ ነበረች፤ እሷም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ እስከ ስድስት ሲቆጠር አለቀች። ስድስት ለባዶ! ጥብሱ ቀዘቀዘ። አንዱ ፌዴሬሽኑን፣ ሌላው አሰልጣኙን፣ ሌላው ደግሞ “ባንክ ብር ይቁጠር እንጂ ኳስ ምን አገባው” እያለ ባንኩን ወረደበት። እኔም ከማንም ያላነሰ ተናገርኩ።

ስንመለስ የአስራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና “አባዬ፣ ባንኩ የሴት ቲም አለው?” አለችኝ። “ይኖረዋል መሰለኝ” አልኳት፤ አባት “አላውቅም” ማለት ይከብደዋል። የኮክረንን ቁልቁለት ወርደን ሳንጨርስ ከስልኳ ላይ ፈልጋ አነበበችልኝ። የሴቶቹ ቡድን ከ17 ቀን በፊት፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን፣ አዲስ አበባ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ የምስራቅና መካከለኛው አፍሪካ ሻምፒዮን ሆኗል። በዚህም ለአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አልፏል፤ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ነው። ልጄ በተሰባበረ አማርኛዋ “እና አሸንፈዋል? ታዲያ ለምን ሁላችሁም ተናደዳችሁ?” አለች።

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ማታውን ስለዚህ ቡድን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አመሸሁ፤ ባነበብኩ ቁጥር ደግሞ እፍረቴ እየጨመረ ሄደ።

ለመሆኑ ይህ ድል እንዴት የመጣ ነው? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የሴቶችን ሻምፒዮንስ ሊግ የጀመረው በ2021 ነው። ከየዞኑ የሚያልፈው አሸናፊው ስለሆነ በእኛ ዞን ሁለተኛ መውጣት ማለት ወደ ቤት መመለስ ማለት ነው። ንግድ ባንክ በዚያው በ2021 ናይሮቢ ላይ ለፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በ2022 ቲኬቱን የታንዛኒያው ሲምባ ኩዊንስ ወሰደው። በ2023 ኡጋንዳ ላይ እንደገና ለፍጻሜ ደረሱ፤ አሁንም ሌላ የታንዛኒያ ቡድን፣ ጄኬቲ ኩዊንስ፣ በመለያ ምት አሸነፋቸው። እስቲ አስቡት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በሩ ድረስ እየሄዱ መመለስ፣ ያውም አንዱን ጊዜ በመለያ ምት! ብዙ የወንድ ክለብ እንዲህ ቢሆንበት አሰልጣኙን ሁለት ጊዜ ባባረረ ነበር። እነሱ ግን ለረጅም ዓመታት ቡድኑን ይዞት የኖረው አሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ሳይነሳ፣ እንደ ሎዛ አበራ፣ ሴናፍ ዋቁማ፣ መዲና አወል፣ አረጋሽ ካልሳና በረኛዋ ታሪኳ በርገና ያሉ ተጫዋቾች በእነዚያ ዓመታት ማሊያውን እየለበሱ፣ በአራተኛው ሙከራ በሩን ከፈቱት።

ከወንዶቹ ጋር ላነጻጽር። የባንኩ ወንዶች በ2017 ከፕሪሚየር ሊጉ ወርደው ለዓመታት ሳይታዩ ከርመው፣ በተመለሱበት የመጀመሪያ ዓመት የ2016 ዓ.ም. (በፈረንጅ የ2024) ሻምፒዮን ሆኑ። ጥሩ ሥራ ነው፤ አላጣጥልም። ነገር ግን አንድ ባንክ፣ አንድ ዓርማ፣ አንድ ክረምት ነበር፤ ወንዶቹ በድምሩ 7 ለ 0 ተሸንፈው ሲወጡ ሴቶቹ ወደ ሞሮኮ ቲኬት ቆረጡ። እኛ የመረጥነው ደግሞ ሽንፈቱን ነው። በሽንፈቱ ላይ ስድስት ሰዓት ተከራከርን፤ ድሉን ግን አንድም ሰው አላነሳውም። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበርነው ሰባት ወንዶች ነን። በኋላ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ ስለ ሴፕቴምበር 4 የሰማ አንድም አልነበረም።

“ዜናው አልደረሰንም” የሚል ካለ አይሟገተኝ። ሶከር ኢትዮጵያን የመሳሰሉ ድረ ገጾች የሴቶቹን ሊግ ሲዘግቡ ኖረዋል። ያልተነበበው እኛ ስላላነበብነው ነው።

ይህ ልማድ የዛሬ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ኦክቶበር 2012ን ታስታውሱታላችሁ። ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ ካልጋሪ ውስጥ በመኪና መስኮት ባንዲራ ያወጣ፣ ጥሩምባ እየነፋ የዞረ ሰው ነበር፤ እኔ አንዱ ነኝ። ሥራ የቀረም አለ። በዚያው ወር መጨረሻ ሉሲዎቹ፣ የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን ማለቴ ነው፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ በራሳቸው የአፍሪካ ዋንጫ ይጫወቱ ነበር። ከወንዶቹ ቀድመው ደርሰዋል ማለት ነው! ከዚያም ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ ለግማሽ ፍጻሜ አልፈው በናይጄሪያ ተሸንፈው፣ ለሦስተኛነት ከጋና ጋር ባዶ ለባዶ ተለያይተው በመለያ ምት አራተኛ ወጥተዋል። ከአፍሪካ አራተኛ! የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ፣ የእነ መንግሥቱ ወርቁን ዘመን፣ ከአባቶቻችን ሰምተን በቃላችን የምናወርድ ሰዎች፣ በራሳችን ዘመን የሆነውን ይህን አናውቀውም። “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” የሚለውን ተረት ዛሬ ማንም በአደባባይ አይናገረውም፤ አፋችን ትቶታል፣ ዓይናችን ግን እስካሁን በዚያው ነው የሚያየው።

እርግጥ የሚቀርብልኝን ክርክር አውቀዋለሁ። “ደረጃው ዝቅ ያለ ነው፣ ለዚህ ነው የማናየው” ይባላል። እውነት ለመናገር ባንክ በኖቬምበር 2024 ሞሮኮ ላይ ከደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስና ከግብጹ ማሳር ጋር ተመድቦ ከምድቡ አላለፈም። ዋንጫውን የኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ ወሰደው። የአቅም ልዩነት ነበር፤ ይህን መደበቅ ለልጆቹም አይጠቅማቸውም። ነገር ግን ደረጃ ከሆነ ጉዳዩ፣ ስድስት ጎል የገባበትን ቡድን ለማየት ምሳችንን ለምን አቀዘቀዝን? ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2017 የወንዶቹ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ሲገባ ከምድቡ ባያልፍም መግባቱ ራሱ በዓል አልነበረም ወይ?

እዚህ ላይ ቱርክን ላንሳ፤ ነገሩ በጣም ስለሚመሳሰል ነው። ቱርኮች ለኳስ ያላቸው እብደት የታወቀ ነው፤ የሴቶቹ ሊጋቸው ግን ከ2003 እስከ 2006 ጭራሽ ተቋርጦ ነበር። እነ ጋላታሳራይና ፌነርባቼ የሴቶች ቡድን ያቋቋሙት ገና በ2021 ነው። ጋላታሳራይ በ2024 የሊጉን ዋንጫ ወሰደ፤ በዚያው ዓመትም ከቱርክ የመጀመሪያው ሆኖ የአውሮፓ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገባ። ከሊዮን፣ ከቮልፍስቡርግና ከሮማ ጋር ተመድቦ እሱም አላለፈም። እንግዲህ ሁለቱ ክለቦች፣ የኢስታንቡሉና የአዲስ አበባው፣ በአንድ ዓመት የየአህጉራቸውን ትልቅ በር አንኳኩተው ገብተዋል። ልዩነቱ ግን ጋላታሳራይ የሴቶች ቡድን ሲከፍት ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ደጋፊ፣ ስምና ገንዘብ ይዞ ነው። የእኛዎቹ ያላቸው ባንኩ ብቻ ነው።

ዋናው ስጋቴም ይኸው ነው። ባንኩ ላደረገው ምስጋና ይገባዋል፤ ደመወዝ በወሩ የሚከፍል ቀጣሪ ባይኖር ይህ ቡድን አራት ጊዜ ሊሞክር አይችልም ነበር። ግን በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ምን ይባላል? ደደቢትን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የሴቶቹ ቡድን አገር ውስጥ የሚያቆመው አልነበረም፤ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ደረበ። ዛሬ ያ ቡድን የለም። ተመልካቹ በቲኬት፣ በማሊያ ሽያጭ፣ በጩኸት ያልያዘው ቡድን በጀት ሲያጥር ማንም ሳይጮህለት ይፈርሳል። ካፍ በወንዶች ውድድር የሚሳተፍ ክለብ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ማውጣቱ መልካም ነው፤ ሆኖም በደንብ የተቋቋመ ቡድን ደንቡ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። ደጋፊ ያለው ቡድን ሌላ ነው።

የሎዛ አበራን ጉዞ ተመልከቱ። ዱራሜ ተወልዳ፣ ለሐዋሳ ተጫውታ፣ በደደቢት ጎል አግቢነቷን አስመስክራ፣ ስዊድን ሄዳ፣ ማልታ ለቢርኪርካራ ተጫውታ፣ ተመልሳ ንግድ ባንክ ገባች። በ2024 ደግሞ ዋሽንግተን ከሚገኘው ዲሲ ፓወር ጋር ፈረመች። ዋሽንግተን! ኢትዮጵያዊ ከአዲስ አበባ ቀጥሎ በብዛት የሚኖርበት ከተማ ነው ብለን የምንፎክርበት ቦታ! እዚያ ያላችሁ ወገኖች እስቲ በሐቅ መልሱልኝ፤ ስንቶቻችሁ ስታዲየም ሄዳችሁ አያችኋት? በጁላይ የኢትዮጵያውያን የኳስ ፌስቲቫል ሲመጣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ድረስ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚሄደው ሕዝብ፣ ከቤቱ በሜትሮ የሚደረስበት ሜዳ ሩቅ ሆነበት ወይ? ያ ፌስቲቫል ከ1984 ጀምሮ ያቆየን ባለውለታችን ነው፤ ስለዚህም ነው ከእሱ የምጠብቀው። የባንክን ሴቶች ወይም ሉሲዎቹን ለአንድ የወዳጅነት ጨዋታ ቢጋብዝ፣ ወጪው ለአንድ ዘፋኝ ከሚከፈለው ምን ያህል ይበልጣል?

ካናዳን ግን እንደ ገነት አድርጌ እንዳቀርብላችሁ አትጠብቁ። የካናዳ ሴቶች በ2021 ቶኪዮ ላይ ስዊድንን በመለያ ምት አሸንፈው የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያጠልቁ፣ አገራቸው ውስጥ የሚጫወቱበት አንድም የሴቶች የሙያ ሊግ አልነበረም። ወንዶቹ ከ2019 ጀምሮ ሲኖራቸው ሴቶቹ እስከ 2025 ጠበቁ። ያም የመጣው የቀድሞዋ ተጫዋች ዳያና ማቲሰን ተነስታ ገንዘብ አሰባስባ ስላቋቋመችው ነው። ኤፕሪል 16 ቀን 2025 ቫንኩቨር የእኛን ካልጋሪ ዋይልድን 1 ለ 0 ባሸነፈበት የመክፈቻ ጨዋታ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። እኔና ልጄ ካልጋሪ ማክማሆን ስታዲየም ሄደን አይተናል። ብርድ ነበር፤ ቡናው መጥፎ ነበር፤ ከፊታችን የተቀመጡት አንድ አዛውንት ከነከብት ጠባቂ ባርኔጣቸው ለዳኛው የሚሉትን ሁሉ አልጽፈውም። ልጄ ግን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው አልተቀመጠችም። እኔ ደግሞ ሰው መቁጠር ጀመርኩ። ያን ቀን ያየኋቸው ያገሬ ልጆች፣ ከእኛ ሌላ፣ አንዲት እናትና ሁለት ሴት ልጆቿ ብቻ ነበሩ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የሐበሻ ወጣቶችና እንደኔ ያረጀን ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወትበት ቡድን አለን፤ ስሙን አልጠራም። ባለፈው ክረምት ስለ ማሊያ መዋጮ ስንሰበሰብ “ለሴት ልጆቻችንም ቡድን እንክፈት” ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ማንም አልተቃወመም። ሁሉም “ጥሩ ሐሳብ ነው” አለ፤ “በሚቀጥለው ዓመት” ተባለ፤ ከዚያ ወደ ማሊያው ቀለም ተመለስን። በቀለሙ ላይ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ስብሰባው ሊበተን ሲል ግን ሻይ ሲያቀርቡ የነበሩ አንዲት እትዬ ትሪያቸውን አስቀምጠው “ልጄ፣ የእኔን የልጅ ልጅ ጻፍ፤ አስር ዓመቷ ነው፣ ግራ እግሯ ኃይለኛ ነው” አሉኝ። በማሊያው መዋጮ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኳት። በሳምንቱ ያቺ ማክማሆን ያገኘኋት እናት ሁለቱን ልጆቿን አስጻፈች። ከእኔዋ ጋር አራት ሆነዋል። ለትንሿ ሜዳ አምስት ያስፈልጋል፤ አምስተኛዋን እየፈለግን ነው፤ በረኛ ብትሆን ደግሞ እንመርጣለን፣ አራቱም ጎል ማግባት ነው የሚፈልጉት።